ሲምስና መሰሎቹ በኮምፒውተርና በፕሌይስቴሽን፦ አንድ ጨዋታ ነው ወይስ ሁለት?

የቀበና ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የሰነበተ ነገር ስላለ እናንተ ዘንድ ይዤው መጥቻለሁ።

እኔ ሲምስ 4ን፣ ሰው ፈጥረው ቤት ሠርተው የሚያኖሩበትን ጨዋታ፣ የምጫወተው አዲስ አበባ ሆኜ በላፕቶፕ ነው። ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ናት፤ እርሷ በፕሌይስቴሽን 4 ትጫወታለች። መሠረታዊው ጨዋታ ከ2022 ጥቅምት ጀምሮ በነፃ ሲለቀቅ ነው ሁለታችንም የጀመርነው (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያደግነው ቀበና፣ አያታችን ቤት ነበር። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ ፈርሷል።

ባለፈው ክረምት ቤቱን ጨዋታው ውስጥ መልሼ መሥራት ጀመርኩ። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ጣሪያው በጨዋታው ዕቃ ደህና አድርጎ ይወጣል። የአያቴን ረከቦት የሚመስል ግን አጣሁ። ስለዚህ ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ራሴ ሠራሁት። የጀበናዋ አንገት ሦስት ጊዜ ተበላሽቶብኛል፤ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ እንደ ጠርሙስ ይረዝማል። ሲኒዎቹን ስድስት አደረግኳቸው፤ አንዱን ጠርዙ ላይ ሸረፍ አድርጌ፣ ልክ እንደ ነበረው። ከዚያ ሲምስ 4 ስቱዲዮ በተባለው መሣሪያ ጨዋታው የሚያውቀው ፋይል አድርጌ ሞዶች (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው የሚጨምሯቸው ነገሮች) የሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ሳሎኑ ጥግ ላይ ሳስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተመለከትኩት።

እህቴ በቪዲዮ አየችውና «ላክልኝ፣ እኔም ጋ ይግባ» አለችኝ። አይገባም። የፕሌይስቴሽኑና የኤክስቦክሱ ሲምስ 4 ከውጭ የተሠራ ዕቃ ማስገቢያ በር የለውም። ስሙ አንድ፣ ሥዕሉ አንድ፣ የሚሸጠው ድርጅት አንድ፤ እኔ ያያቴን ጀበና አስገባሁ፣ እርሷ አልቻለችም።

እኔ ነገሩን እንዲህ አየዋለሁ። በኮምፒውተር የኑሮ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ባለርስት ነው፤ ያፈርሳል፣ ይቀጥላል፣ ጎረቤት የሠራውን ተውሶ ያስገባል። በኮንሶል፣ ማለትም ፕሌይስቴሽንን በመሰለ የጨዋታ ማሽን፣ የሚጫወተው ግን ተከራይ ነው። ቤቱ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት ግን አይፈቀድለትም። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ? በተለይ በሁለቱም የተጫወታችሁ ንገሩኝ።

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ ስለ ጀበናዋ ያልከው ልቤን ነክቶኛል። «ተከራይ» ባልከው ግን አልስማማም።

እኔ ቨርጂንያ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሥራ ነው የምሠራው። ለአራት ዓመት በላፕቶፕ ተጫውቻለሁ፤ ከሁለት መቶ በላይ የሞድ ፋይል ነበረኝ። ጨዋታው ማሻሻያ ባወጣ ቁጥር ሞዶቹን ራሱ ያጠፋቸዋል፤ አንተም ታውቀዋለህ። መልሰህ ስትከፍታቸው አንዱ ይሰበራል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግማሹን ታወጣለህ፣ ከፍተህ ትሞክራለህ፣ ደህና ከሆነ ካወጣኸው ውስጥ ግማሹን ትመልሳለህ፣ እንደገና ትከፍታለህ። አንድ ቅዳሜ፣ በወር አንዴ የማገኛት ሙሉ ዕረፍቴ፣ እንዲሁ አለቀች። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋተኛ የፀጉር አሠራር ነበር። ሰዎቼን አንድ ደቂቃ እንኳን ሳላያቸው ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጣሁ።

ዛሬ ፕሌይስቴሽን አለኝ። ጠዋት ከሥራ ስገባ እግሬን ሶፋው ላይ ሰቅዬ ጆይስቲኩን አነሳለሁ፤ ይከፈታል፣ ይሠራል። ሚስማር አልመታም፤ ግን ጣሪያው ሲያፈስ እኔ አይደለሁም የምወጣው።

ሌላም ነገር አለ። በኮምፒውተር ስጫወት ገንዘብ ባነሰ ቁጥር «ማዘርሎድ» የሚለውን ቃል ጽፌ 50 ሺህ እወስድ ነበር። በፕሌይስቴሽንም ቃሉ ይሠራል፤ ነገር ግን በተጠቀምክበት ጨዋታ ላይ ዋንጫ (ፕሌይስቴሽኑ ለስኬት የሚሰጠውን ሽልማት) ማግኘት ያበቃል። ስለዚህ ተውኩት። አሁን ያለችኝ ሴትዮ ከአንድ ክፍል ተነሥታ፣ አትክልት ተክላ፣ ሥዕል ሸጣ ነው ሁለተኛ ክፍል የጨመረችው። ያችን ክፍል የሠራሁባትን ቀን አልረሳትም። በላፕቶፕ ከሠራኋቸው ቪላዎች አንዱንም አላስታውስም።

መምህር፣ ጎንደር

የሁለታችሁም ሐሳብ መብራት የማይጠፋበትን ቤት አስቦ የተጻፈ ይመስላል። የቀበናው ልጅ ይህን ሳያውቀው አይቀርም።

እኔ የምጫወተው ስታርዱ ቫሊን ነው። ለማያውቁት፦ ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ደክሞበት በ2016 የካቲት መጨረሻ ለኮምፒውተር ያወጣው የእርሻ ጨዋታ ነው፤ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ላይ የደረሰው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው። ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ጽሑፉን ሁሉ የሠራው አንድ ሰው ነው። ከአያትህ በወረስከው ባድማ ላይ ታርሳለህ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ትዛመዳለህ። አንዱ ቀን በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ያህል ነው። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ጨዋታው የሚቀመጠው ገበሬው ሲተኛ ብቻ ነው። ሳይተኛ ከተቋረጠ ያ ቀን እንዳልነበረ ይሆናል።

የጎረቤቴ ልጅ ከቴሌቪዥን ጋር በተያያዘ ፕሌይስቴሽን ይጫወተዋል። በጨዋታው ውስጥ «ሌጀንድ» የሚባል ዓሣ አለ። የሚገኘው በጸደይ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ብቻ፣ ከተራራው ሐይቅ ነው፤ የማጥመድ ችሎታህም አሥረኛው ደረጃ ላይ መድረስ አለበት። ልጁ ያችን ቀን ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት ቆይቷል። አንድ ማታ እየሮጠ መጥቶ «ጋሼ ያዝኩት፣ ይምጡ ይዩት!» አለኝ። ተከትዬው ስገባ ዓሣው ከረጢቱ ውስጥ ነበር፤ ገበሬው ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፤ ድልድዩን አልፏል። መብራት ጠፋ።

ልጁ አላለቀሰም። ጆይስቲኩን እንደያዘ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ቀረ። እኔ ላፕቶፕ ነው ያለኝ፤ ባትሪው ደክሞ እንኳን ሃያ ደቂቃ ይቆያል፤ ገበሬዬን አስተኝቼ ለማጥፋት ይበቃኛል። በእኛ አገር በኮንሶልና በኮምፒውተር መካከል ያለው የመጀመሪያው ልዩነት ለእኔ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ልዩነት መዘግየት ነው። ትልቁ 1.6 ማሻሻያ ኮምፒውተር ላይ የወጣው በ2024 መጋቢት ነው፤ ኮንሶል ላይ የደረሰው ኅዳር ነው። ልጁ ያንን ሁሉ ወር እኔ ቤት መጥቶ ነው ያየው።

ሦስተኛውን እንደ መምህርነቴ ልናገረው። የኮምፒውተሩ ስታርዱ ቫሊ በሞድ አዲስ ቋንቋ መጨመር ያስችላል። እኔም ማታ ማታ ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው። አያትየው ለልጅ ልጁ ያኖረለትን ደብዳቤ ጨርሻለሁ፤ «አንተ» ልበለው ወይስ «ልጄ ሆይ» እያልኩ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። የቀረኝ ፊደላችንን ጨዋታው በሚያነበው መልክ ማዘጋጀት ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። ቢሳካልኝ የጎረቤቴ ልጅ በፕሌይስቴሽኑ አያገኘውም። ስለዚህ «ሚስማር» ያልከው ነገር ለእኔም እውነት ነው።

ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት

አዳማ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ፤ አራት ቴሌቪዥን። ማንም የኔን ወገን ስላላነሣ ልጻፍ።

በእኛ ከተማ ብዙ ልጅ ኮንሶልን የሚያውቀው ከቤቱ ሳይሆን ከእኛ ቤት ነው። ሁለት ልጅ ይቀመጣል፣ ኳስ ይገጥማል፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ሌላ ይተካል። የኑሮ ጨዋታ ለዚህ አይመችም፤ አሸናፊ የለውም፣ የሚያልቅበት ደቂቃም የለውም። ስለዚህ «የኮንሶል ሰው ኳስ እንጂ ሌላ አይወድም» ይባላል። ያልወደደው ሰው አይደለም፤ ሒሳቡ ነው።

አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ትመጣ ነበር። በሰዓት ትከፍለኛለች። ሲምስ 4 ላይ አንዲት እናትና ሦስት ልጆች ፈጥራ ታኖራለች። ሁለት ወር ያህል መጣች። ማስታወሻ ደብተር ነበራት፤ ማን ልደቱ መቼ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ትጽፍበታለች፤ ምክንያቱም ሳምንቱን ሙሉ አታያቸውም። አንድ ቀን የኮንሶሉ ማከማቻ ሞላብኝና የማይፈለግ የመሰለኝን ሁሉ ሰረዝኩ። እሑድ መጥታ ከፈተችው። እናትየዋም ልጆቹም የሉም።

ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ምንም አይደለም ጋሼ» ብላኝ ሄደች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሦስት ሳምንት ቆይታ ስትመለስ በስሟ የተለየ መለያ ከፍቼ ጠበቅኳት፤ ማንም እንዳይነካው ቁጥር አደረግንበት። ከደብተሯ እያየች ስማቸውን አንድ በአንድ መልሳ ጻፈች።

ሦስት ልጆች፣ አሽዶድ

ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልህ። የልጅቷ ነገር የእኔን ቤት አስታወሰኝ።

እኛ እስራኤል ነን። ልጆቼ የሚጫወቱት ኒንቴንዶ ስዊች ላይ አኒማል ክሮሲንግ ነው፤ የ2020ውን። ይህ ጨዋታ ለኮምፒውተር ወጥቶ አያውቅም፤ ከ2001 ጀምሮ የኖረው በኮንሶልና በእጅ በሚያዙት ነው። አስቡት፣ የ2020ው ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የፈጠረው ካትሱያ ኤጉቺ ከቺባ ተነሥቶ ለሥራ ኪዮቶ ሲገባ ቤተሰቡንና ወዳጆቹን ናፍቆ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ስደትን የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው ብዬ ስለማምን እወደዋለሁ።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በአንድ ስዊች ላይ ደሴቱ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የከፈተው ልጅ አለቃ ይሆናል፤ ድልድይ የት እንደሚሠራ የሚወስነው እርሱ ነው። ትልቁ ልጄ ነው የከፈተው። ትንሿ ልጄ ቤቷ ወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድይ ስትፈልግ ወንድሟን ትለምናለች። ኮምፒውተር ቢሆን እያንዳንዱ የራሱን ዓለም ይከፍት ነበር ብዬ አዝናለሁ፤ ደግሞ ልመናውን በር ላይ ሆኜ ስሰማ፣ የመንደር ኑሮ ልክ እንዲህ ነው እላለሁ። ድልድዩን በመጨረሻ ሠርቶላታል፤ ዓሣ አጥምዳ እንድትከፍለው አድርጎ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የጨዋታው ሰዓት የግድግዳችን ሰዓት ነው፤ ውጭ ሲመሽ እዚያም ይመሻል። እኛ ቤት ሰንበት ይከበራል፤ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስዊቹ መሳቢያ ይገባል። ጨዋታው ውስጥ ደግሞ እሑድ ጠዋት የምትሸጥ ነጋዴ አለች፤ ነጭ ሥር ያለው አትክልት ትገዛላችሁ፣ ዋጋው ሲወጣ እስከ ቅዳሜ ማታ ትሸጣላችሁ፤ ካለፈ ይበሰብሳል። ሱቁ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋል። በበጋ ሰንበት የሚወጣው ወደ 2 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። የሰንበት መሸኛውን ሻማ እንዳጠፋን ሦስቱም ወደ መሳቢያው ይሮጣሉ። ሰዓቱን ወደ ኋላ እንዳይመልሱት ደግሞ አትክልቱ ወዲያው ይበሰብሳል። አንዴ ዋጋው ወርዶ ሦስቱም ተሰብስበው «እንሽጥ ወይስ አንሽጥ» ሲመካከሩ ሰዓቱ አለፈባቸው።

ኮምፒውተር ላይ ሲምስ የሚጫወት ሰው ጊዜን ያቆማል፣ ያፈጥናል። ልጆቼ ጊዜን ይጠብቃሉ። ትልቁ ልዩነት ለእኔ ይህ ነው።

ዱባይ ነኝ

አጭር ነገር፦ በጆይስቲክ ጣሪያ መሥራት እጅግ አድካሚ ነው፤ አንድ ምሰሶ ለማስቀመጥ አሥር ጊዜ ታንቀሳቅሳለህ። የፕሌይስቴሽኑ ሲምስ 4 ግን ኪቦርድና ማውስ ይቀበላል። በዩኤስቢ ትሰካቸዋለህ፣ በቃ። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለእህትህ ንገራት።

የድሮ ተጫዋች

ከ2000 ጀምሮ አለሁበት፤ የቀበናውን ልጅ አንድ ነገር ላይ ላርመው እፈልጋለሁ። ኮንሶል ሁልጊዜ «ተከራይ» አልነበረም። የራሱ ቤት ነበረው።

የመጀመሪያው ሲምስ በ2000 የካቲት ለኮምፒውተር ወጣ። በ2003 መጀመሪያ ወደ ፕሌይስቴሽን 2 ሲሻገር ሠሪዎቹ ዝም ብለው አልገለበጡትም። ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የተለየ ጨዋታ አበጁለት፦ ከእናትህ ቤት ተነሥተህ ራስህን የምትችልበት፣ ግብ ያለው ታሪክ። በአንድ ቴሌቪዥን ለሁለት መጫወትም ይቻል ነበር። የ2005ቱ የኮንሶል ሲምስ 2 ይበልጥ ርቆ ሄደ። በኮምፒውተሩ ከላይ ሆነህ በማውስ ታዛለህ፤ በኮንሶሉ ሰውየውን ራሱን በጆይስቲክ ታራምደዋለህ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለን አንድ ቤት ውስጥ ኖረናል፤ እርሱ ሲያበስል እኔ ዕቃ አጥባለሁ።

ግን የኮንሶሉ ሰዎች አያረጁም ነበር። በኮምፒውተሩ ሲምስ 2 ትወለዳለህ፣ ታረጃለህ፣ ትሞታለህ፣ የልጅ ልጅህ ፎቶህን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። የኮምፒውተሩ ሕዝብ ለትውልድ የሚጽፍ ሆነ፤ አሥር ትውልድ የሚቆጥሩ አውቃለሁ። የኮንሶሉ ሕዝብ ለዛሬ ማታ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው የሚጫወት ሆነ።

ሲምስ 4 በ2014 ለኮምፒውተር ወጥቶ በ2017 ኅዳር ወደ ኮንሶል ሲመጣ የቀረበው ያው የኮምፒውተሩ ጨዋታ ነው። ሰዎቹ ያረጃሉ፤ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ለሁለት መጫወት ግን ጠፋ፤ ሞድም አልተፈቀደ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የሶፋውን ሰው በራሱ ልክ ያሰበለት ቀረ፤ የጠረጴዛው ሰው ልብስ ተሰጠው፤ ኪሱ ተሰፍቶ። የኮሪያው ድርጅት ክራፍተንም ኢንዞይ የተባለውን የኑሮ ጨዋታ በ2025 መጋቢት ሲያወጣ የጀመረው ከኮምፒውተር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ የቀበና ልጅ፣ ስለ ቤትህ ካነሣህ። ዊል ራይት ሲምስን ለመሥራት ያሰበው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። በ1991 ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ላይ የተነሣው እሳት ንብረቱን ሁሉ ወሰደበት። ቤት መልሶ ሲያቋቁም ሰው ምን ምን ዕቃ እንደሚያስፈልገው፣ ለምንስ እንደሚያስፈልገው አንድ በአንድ ማሰብ ግድ ሆነበት። አንተ ባለፈው ክረምት ያደረግከው የጨዋታውን መነሻ ነው።

የሌሊት ተረኛ

የድሮ ተጫዋች፣ እናመሰግናለን። ለሁለት መጫወት መቅረቱን እኔም ልጨምር። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል፣ «ያችን ወንበር አዙሪያት» ይላል። ሁለተኛ ጆይስቲክ አለን፤ ሥራ የለውም።

የቀበና ልጅ

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፤ የዊል ራይትን ታሪክ ሁለት ጊዜ። «ተከራይ» ያልኩትን አንስቻለሁ፤ የሌሊት ተረኛ እህቴ፣ አንዲቷ ክፍልሽ ከእኔ ሙሉ ቤት ትበልጣለች። መምህር፣ የፊደሉን ሥራ በሚመለከት በግል እጽፍልዎታለሁ፤ እኔ በብሌንደር የለመድኩት ትዕግሥት ሊረዳ ይችላል። የልጁ ዓሣ እንዴት ሆነ?

ቅዳሜ ለእህቴ ደወልኩላት። ዱባይ ነኝ ያለው እንደነገረን ማውስ ሰካች፤ ሠራ። ከዚያ «የአንተን አትላክልኝ፤ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ፣ አንተ እያየህ» አለች። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ፊት አቁማ ጀመረች። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ልክ ልክ እነግራታለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ።

መጀመሪያ ያደረገችው በሩን በስተቀኝ ማስቀመጥ ነው። «በስተግራ ነው» አልኳት። «አይደለም፤ እማማ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ሲለቅሙ ጠዋት ፀሐይ ፊታቸው ላይ ነበር የምታርፈው» አለችኝ። ትክክል ናት። እኔ ክረምቱን ሙሉ ስሠራ የነበረው ፀሐይ የማያገኘው ቤት ነው። ቀጥላ የወጥ ቤቱን ደረጃ ሁለት አደረገችው፤ እኔ አንድ ነው ያደረግኩት። የቱ ልክ እንደሆነ አልተስማማንም፤ እናታችንን እንጠይቃለን።

ሳሎኑ ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመች። የቡና ማፍያ ማሽን አነሣች፣ መልሳ ሰረዘችው። የረከቦቱን ቦታ ባዶ ተወችው፤ ሌላ ዕቃ እንዳይገባበት ዙሪያውን አራት በርጩማ ደረደረችበት።

እኔ አሁን በሩን ወደ ቀኝ እያዛወርኩ ነው።

መምህር፣ ጎንደር

ዓሣው ገና ነው። ጨዋታው ውስጥ በጋ ገብቶበታል፤ የሚቀጥለውን ጸደይ እየጠበቀ ነው። ዝናብ በዘነበ ቀን ላፕቶፔን ይዤ እሄዳለሁ።